ኩሽኔታ ተቀይሮም የቪትዜ ድምፅ አልጠፋም (ደብረ ብርሃን)

ባሶና · ሰኞ ማታ 2:20

እንዴት አመሻችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

መኪናዬ ማንዋል ቪትዝ ናት። እናቴ ሸዋ ሮቢት ስለምትኖር በወር ሁለቴ ከደብረ ብርሃን እወርዳለሁ። ከአንድ ወር በፊት ስመለስ ከፊት በኩል «እምምም» ማለት ጀመረች። ከ40 በታች ምንም የለም። 60 ላይ ስትደርስ ሬዲዮውን ይውጠዋል። 80 ላይ መሪው ራሱ እጄ ላይ ይነዝራል።

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩን «ከቀኝ በኩል ይመስለኛል» አልኩት። የቀኙን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን በእጁ አዞረ፣ ጆሮውን ደቅኖ ሰማና «ኩሽኔታ ነው» አለኝ፤ ጎማው የሚዞርበት ባለ ብይ ቀለበት ማለት ነው። ተቀየረ። የዕቃውንም የእጁንም ከፈልኩ። መሽቶ ስለነበር በቀጥታ ወደ ቤት ነዳሁ። ከተማ ውስጥ፣ ያውም ኮብልስቶን ላይ፣ ከ40 በላይ አይነዳም። ዝም አለች። ተመስገን ብዬ አደርኩ።

ቅዳሜ ወደ እናቴ ስነሳ ገና ከከተማ እንደወጣሁ ያው «እምምም» መጣ። ጭራሽ ሌላም ተጨምሯል። ቀስ ብዬ ስሄድ «ሽ… ሽ… ሽ…» ይላል፤ ድስት በብረት ማንኪያ ሲፋቅ እንደሚሰማው።

ዛሬ ተመልሼ ሄድኩ። መጀመሪያ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል» አለኝ። አይደለም ስለው «ድምፁ ጆሮሽ ላይ ቀርቶ ይሆናል» አለ። ይሄ በጣም አስከፋኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እንግዲያው ካምቢዮው ነው፣ ይፈታ» አለኝ።

ግራ ገብቶኛል። ካምቢዮው ይፈታ? ሌላ ጋራዥ ልሂድ? ሁለት ልጆች ከኋላ አስቀምጬ ጣርማበርን የምወርድ ሰው ነኝ። ቁልቁለቱን ሳስበው እንቅልፍ እምቢ ይለኛል።

የመንዝ ልጅ · ሰኞ ማታ 2:34

እህቴ፣ ካምቢዮውን እንዳታስነኪ! አንዴ ከተፈታ በኋላ ደግሞ የካምቢዮ ድምፅ ፍለጋ ትገቢያለሽ። መጀመሪያ ቀላሉን አጣሪ። ሜዳ መንገድ ላይ፣ ከኋላሽ መኪና በሌለበት፣ 60 ስትደርሺ ለአፍታ ፎሌ አድርጊ (ማርሹን አውጪ)። የሞተሩ ዙር ወርዶ «እምምም»ው እዚያው ካለ ከሞተሩ አይደለም። የካምቢዮ የመሆን ዕድሉም ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ግን ፎሌ በፍጹም።

ጋሼ ጣርማበር · ሰኞ ማታ 3:05

ልጄ፣ በደሴ መስመር ከባድ መኪና 31 ዓመት ነድቻለሁ። አሁን አርፌ ደብረ ሲና ተቀምጫለሁ። ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የጠየቅሽው ስለ አንድ ድምፅ ነው፤ የጻፍሽው ግን ስለ ሁለት። «እምምም»ው ከጋራዥ በፊትም ነበረ። «ሽ ሽ»ው ከጋራዥ በኋላ መጣ። የድሮው አልተነካም፣ አዲሱ ከሥራው ጋር አብሮ ተወለደ። ሁለቱን ለያይተሽ ካልያዝሽ መካኒኩ አንዱን ቢያጠፋልሽ እንኳ ሌላውን እየሰማሽ «አልጠፋም» ትይዋለሽ። እሱም ተስፋ ይቆርጥና ያልታመመውን ይፈታል።

ደብተር ያዢ። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ገጽ። በስንት ፍጥነት ይመጣል? ቀጥ ባለ መንገድ ነው ወይስ ኩርባ ላይ? ፍሬን ሲያዝ ይለወጣል? ጠዋት በብርዱ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ይሄን ይዘሽ ስትሄጂ ማንም «ጆሮሽ ላይ ቀርቶ ነው» አይልሽም።

ለ«እምምም»ው ወደ ጫጫ ያለው ሜዳ ይሻልሻል። 60 ላይ ሆነሽ መንገዱ ራሱ ሰፋ ባለ ኩርባ ሲታጠፍ አድምጪ። ወደ ቀኝ ስትታጠፊ የመኪናው ክብደት ግራ ጎማ ላይ ይተኛል። ያኔ ድምፁ ከጨመረ የታመመው የግራው ነው። ወደ ግራ ስትታጠፊ ከጨመረ የቀኙ ነው። መሪ እያወዛወዝሽ ግን አትሞክሪ። መስመሩ የከባድ መኪና ነው።

«ሽ ሽ»ውን ደግሞ ዋሻው ይነግርሻል። ጣርማበር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረው ዋሻ ማለቴ ነው። መብራትሽን አብሪ፣ የቀኙን መስኮት እስከ ታች ክፈቺ፣ በ20 በ30 እለፊ። ሜዳ ላይ ነፋስ የሚበትነውን ድምፅ ግድግዳው መልሶ ጆሮሽ ሥር ያመጣልሻል። እኛ የላላ ብሎንም የሚያፈስ አየርም እዚያ ነበር የምንሰማው። ውስጡ እንዳትቆሚ። ካለፍሽ በኋላ ዋናው ቁልቁለት ሳይጀምር ተመለሺ። በዚህ ሁኔታ ወደ ደብረ ሲና አትውረጂ።

ሮቢት ሰፈር · ማክሰኞ ጠዋት 1:10

ጎማውንስ አየሽው? ጎማ ያለእኩል ሲበላ ልክ እንደ ኩሽኔታ ነው የሚያጉረመርመው። መዳፍሽን በጎማው ጥርስ ላይ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አሻሺ። በአንድ በኩል ልስልስ ብሎ ሲመለስ እንደ መጋዝ የሚይዝሽ ከሆነ ጎማው ነው። ካልተለየሽ ጎሚስታ ጋ ሂጂና የፊቱን ከኋላ አቀያይሪ። ድምፁ ወደ ኋላ ከሄደ አገኘሽው። ከኩሽኔታ በብዙ የረከሰ ምርመራ ነው።

ባሶና · ማክሰኞ ማታ 1:45

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ «ሁለት ድምፅ ነው» ያሉኝን ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ። ደብተር ይዣለሁ።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ጎሚስታ ሄጄ ጎማዎቹን ከፊት ወደ ኋላ አቀያየርኩ። ድምፁ አልተንቀሳቀሰም። እዚያው ፊት ነው። ፎሌውንም ሞክሬዋለሁ፤ አልተለወጠም። ስለዚህ ጎማም ሞተርም አይደለም ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት ስነሳ ደግሞ ሦስተኛ ነገር አለ። ውርጭ ያደረ ቀን ስነሳ «ሲጥ» ትላለች፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ይጠፋል። ይሄም ይቆጠር?

አንኮበር በር · ማክሰኞ ማታ 2:02

አይዞሽ እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ። የእኔ ኮሮላ አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ እያለች ነድቻታለሁ። ምንም አልሆነችም። ኩሽኔታ ድንገት አይበጠስም።

ጋሼ ጣርማበር · ማክሰኞ ማታ 2:15

አንኮበር፣ ወንድሜ፣ ልታጽናናት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ይሄን ምክር ልጆች ለጫነች እናት አልሰጥም። አንድ ሚኒባስ ከደብረ ሲና ዳገቱን ጀምሮ ሲወጣ የፊት ኩሽኔታው ተቃጥሎ፣ ጎማው ተጋድሞ፣ መንገድ መሀል ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ። ዳገት ላይ ስለነበር ሰው ተረፈ። ቁልቁል ቢሆን ኖሮስ? ከጣርማበር አናት እስከ ሮቢት ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው የምትወርደው። አንድ ዓመት የሠራልህ ኩሽኔታ ያቺን ቀን እንደማይመርጥ ማን ዋስ ይሆናል?

ቁልፍ 14 · ማክሰኞ ማታ 3:30

መካኒክ ነኝ፤ ሥራዬም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ጋራዡ የእኔ አይደለም። ግን ከእኛም በኩል ያለውን ልናገር።

ደንበኛ «ከቀኝ ነው» ብሎ ሲገባ እጃችን መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይሄ ስህተት ነው፤ ሁላችንም እንሠራዋለን። የፊት ኩሽኔታ ድምፅ በአካሉ ብረት ተጉዞ ስለሚመጣ ሾፌር ወንበር ላይ ሆኖ ግራና ቀኙን መለየት በጣም ያሳስታል። ክሪክ ላይ ደግሞ ጎማው ክብደት አይሸከምም። በእጅ ስታዞሪው የምትሰሚው የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን ሲነካ ሊሆን ይችላል። እኔ የማደርገው አንድ እጄን ሞላው ላይ አስቀምጬ በሌላው ጎማውን ማዞር ነው። ኩሽኔታው ከተበላ ሞላው ላይ እንደ አሸዋ ይሰማኛል። ሁለቱንም ጎን አነሳለሁ፣ አወዳድራለሁ። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ምንም አላየም።

ከሁሉ በላይ ግን ድምፁን በሚመጣበት ፍጥነት ላይ መስማት አለብን። 60 ላይ የሚመጣን ነገር ጋራዥ ግቢ ውስጥ አይሰሙትም። ብዙ ጊዜ የማንወጣው ቤንዚን ስለምንቆጥብና ወረፋ ስላለ ነው። አንቺ ጠይቂው። «ነዳጁ በእኔ፣ ለ20 ደቂቃ አብረኸኝ ውጣ» በይው። እምቢ ካለሽ ያኔ ሌላ ጋራዥ ሂጂ። እሺ ካለ ግን እዚያው ጨርሺ፤ የሠራውን የሚያውቀው እሱ ነው።

ስለ ጠዋቱ «ሲጥ»፦ በውርጭ ላስቲክ ነክ ነገር ሁሉ ይደርቃል። ቺንጋውም ቡሺንጎቹም ሲሞቁ ዝም ይላሉ። ዲስክም ሌሊቱን ቀጭን ዝገት ይይዝና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፍሬኖች ላይ ይፋቃል። ለብቻው ጻፊው እንጂ ከሌሎቹ ጋር አታደባልቂው። ቺንጋውን ግን አንድ ቀን ይዩልሽ።

አንድ ጥያቄ። የወጣውን ኩሽኔታ ሰጥተውሻል?

ባሶና · ረቡዕ ማታ 1:20

ሰጥተውኛል። በፌስታል ጠቅልለው ኮፈኑ ሥር… ይቅርታ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ጥለውት ነበር። ምን ላድርገው?

ቁልፍ 14 · ረቡዕ ማታ 1:26

በትንሽ ናፍጣ እጠቢው። ቀለበቶቹን ከፍለሽ ብዮቹ የሚሄዱበትን መንገድ በፀሐይ ወይም በስልክ መብራት እዪ። የታመመ ኩሽኔታ መንገዱ ላይ የተላጠ ቦታ አለው፤ የፈንጣጣ ጠባሳ ይመስላል። ወይም በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። ሲወጣ በመዶሻ የደረሰበት ጭረት ሌላ ነው፤ እሱ አያታልልሽ።

ባሶና · ረቡዕ ማታ 3:10

አጠብኩት። ልጄ ስልኩን ይዞ አበራልኝ። መጀመሪያ ቅባቱ ሲወጣ ጥቁር ጭቃ ነበር። ከዚያ ጨርቅ ሳሳልፍበት መንገዱ እንደ መስታወት ሆነ። ፊቴን ልይበት ትንሽ ነው የቀረኝ። አንድም የተላጠ ቦታ የለም። ብዮቹን አንድ በአንድ ጣቴ ላይ አሽከረከርኳቸው፤ ልስልስ ናቸው። ዳር ላይ ብቻ ሁለት የመዶሻ ምልክት አለ።

ደህና ዕቃ ነው ያስወጣሁት ማለት ነው? ያንን ብር ለማግኘት ስንት ቀን እንደሠራሁ ሳስብ እንባዬ መጣ።

ቁልፍ 14 · ረቡዕ ማታ 3:18

እንደገለጽሽው ከሆነ ደህና ነበር። አዝናለሁ እህቴ፣ ከልቤ ነው። ብሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልባከነም። አሁን የቀኙ አዲስ ነው፣ የቀረው አንድ ተጠርጣሪ ነው። የጋሼን የኩርባ ምርመራ ሳታደርጊ ግን የግራውን አታስቀይሪ። ግምት አንዴ አሳስቶናል።

ሞላሌ 4×4 · ሐሙስ ጠዋት 2:40

ይቅርታ፣ ውይይቱን ልዋስ። የእኔ ሃይሉክስ የፊት ሾክ አብዞርበርና የአርም ቡሺንግ ተቀይሮላት ፒስታ ላይ «ኳ ኳ» አላቆመችም። ዕቃው ኦርጅናል ነው፤ ስገዛው አይቻለሁ።

ቁልፍ 14 · ሐሙስ 6:15

ሁለት ነገር አስፈትሽ። አንደኛ፣ የሾክ አብዞርበሩ የላይኛው ዳዶ በደንብ ጠብቋል? ብዙ ጊዜ ኳኳታው እዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የቡሺንጎቹ ብሎኖች የጠበቁት መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው ወይስ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ? ተንጠልጥላ ከጠበቁ መሬት ስትነካ ላስቲኩ ተጣሞ ይቀራል፣ በጥቂት ጊዜ ይቀደዳል። ብሎኖቹ ላላ ይበሉ፣ መኪናዋ በጎማዋ ትቁም፣ ከዚያ እንደገና ይጥበቁ።

ሞላሌ 4×4 · ዓርብ ማታ 12:50

የላይኛው ዳዶ በእጅ ይዞር ነበር! ጠብቆ ዝም ብላለች። ተባረክ።

ባሶና · ቅዳሜ 9:30

ከመንገድ ገና መግባቴ ነው። ልጆቹን ጎረቤት ትቼ ብቻዬን ሄድኩ። እናቴን በስልክ «በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳት።

መጀመሪያ ወደ ጫጫ። ሬዲዮ ዘጋሁ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ 60 ያዝኩ። ወደ ግራ በሚታጠፈው ኩርባ «እምምም»ው ቀነሰ። በግልጽ ቀነሰ። ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ደግሞ እንደ በሬ አጉረመረመ። ተመልሼ ደገምኩት። ያው። አራት ጊዜ ሞክሬ አራቱንም ጻፍኩ።

ጫጫ መንገድ ዳር ቆሜ የፊት ጎማዎቹን አየሁ። ሜዳ ላይ ስለነበርኩ ፍሬን ብዙ አልያዝኩም። ሳልነካው እጄን ቸርኬው አጠገብ አደረግኩ። የግራው ከቀኙ ይሞቃል።

ከዚያ ዞሬ ወደ ጣርማበር። ጉም ነበር፤ መብራት አብርቼ ገባሁ። መስኮቱን ስከፍት መጀመሪያ ብርዱና የናፍጣው ሽታ ነው የገባው። ከዚያ ከግድግዳው ላይ «ሽ… ሽ… ሽ…» ተመለሰልኝ፤ ቁልጭ ብሎ፣ ከጎኔ የሆነ ሰው በብረት ላይ የሚስል ይመስል። ትንሽ ነዳጅ ስሰጥ ፈጠነ። ፍሬን ነካ ሳደርግ አልተለወጠም። ከጎማው ጋር ነው የሚዞረው። ከቀኝ ነው።

ጋሼ፣ ዋሻው እንዳሉት ነው።

ጋሼ ጣርማበር · ቅዳሜ 10:05

እሰይ የእኔ ልጅ! ጉም ውስጥ መሄድሽ ግን ልቤን አንጠልጥሎታል። ደህና ገብተሻል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቁልፍ 14 · ቅዳሜ 10:20

«እምምም»ው የግራ ኩሽኔታ ነው። «ሽ ሽ»ው ፍሬን ሲያዝ ካልተለወጠ ሸራው አይመስለኝም። ከዲስኩ ጀርባ ቀጭን ላሜራ አለች፤ ጭቃና ጠጠር የምትከላከል። ኩሽኔታ ለማውጣት ሲታገሉ በቀላሉ ትጣመማለች፣ ከዚያ ዲስኩን ትነካለች። ወይም ጠጠር ገብቶባታል። በካቻቢቴ ገፋ ማድረግ ነው፤ ዕቃ አይገዛም።

ሰኞ ስትሄጂ «የግራውን ቀይርልኝ» አትበይው። ደብተርሽን አሳዪው፣ መኪናው ውስጥ አስቀምጪው፣ ራሱ ይስማ።

ሲቀየር ደግሞ ቶርኖ ቤት በፕሬስ ይግባ፤ መዶሻ አይነካው። የሚቀመጥበት ብረት ውስጥ ሲገባ ግፊቱ በውጪኛው ቀለበት ላይ ይሁን። በውስጠኛው ከተገፋ ኃይሉ ብዮቹን አልፎ ስለሚሄድ መንገዳቸውን ይሰረጉዳል። አዲስ ኩሽኔታ ሳይሠራ የሚያረጀው እንዲህ ነው። ቀኙንም በዚያው ሞላው ላይ እጅ አስቀምጠው ያዳምጡልሽ።

ባሶና · ረቡዕ ማታ 2:00

ሰኞ ሄድኩ። ሲያየኝ ፊቱ ተቀየረ፤ ልጣላው የመጣሁ መስሎታል። «ነዳጁ በእኔ፣ 20 ደቂቃ» አልኩት። ዝም ብሎ እጁን ታጠበና ገባ።

ራሱ ነዳ። ከተማውን ወጥተን 60 ሲደርስ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ኩርባ ድምፁ ሲነሳ እኔ ምንም አላልኩም። እሱ ነዳጁን ለቀቀ፣ እንደገና ሰጠ፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ደገመው። ከዚያ ዳር አወጣና ቆመ። «ግራ ነው። ልክ ነሽ። ያኔ መውጣት ነበረብኝ» አለኝ። ደብተሬን አሳየሁት፤ ገጾቹን አገላብጦ አነበበ።

ትናንት ተሠራ። የወጣውን የግራ ኩሽኔታ ጨርቅ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። መንገዱ ላይ የጥፍር ስፋት ያለው የተላጠ ቦታ ነበረ፤ በጣቴ ሳልፍበት ያዘኝ። የቀኙ ላሜራ ተጣሞ አንድ ጠጠር ነክሶ ነበር። በካቻቢቴ አውጥቶ አቃናው። የቀኙን ኩሽኔታም ሞላው ላይ ሰማው፤ ደህና ነው። ዕቃውን ብቻ ከፈልኩ። የእጁን እምቢ አለ። ስወጣ «ስለ ጆሮሽ የተናገርኩትን ይቅር በይኝ» አለኝ። ይቅር ብየዋለሁ።

የመንዝ ልጅ · ረቡዕ ማታ 2:11

ካምቢዮው ተረፈ!

አንኮበር በር · ረቡዕ ማታ 2:30

እህቴ፣ ያን ቀን የሰጠሁሽን ምክር አንስቻለሁ። ጋሼ ልክ ነበሩ። የእኔንም ነገ ጋራዥ እወስዳታለሁ።

ጋሼ ጣርማበር · ረቡዕ ማታ 2:48

ልጄ፣ ቸርኬው ስለተፈታ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድሽ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አስጠብቂ። ቅዳሜ ስትወርጂ ደብረ ሲና ላይ ቁሚና ቡና ጠጪ።

ባሶና · እሑድ ማታ 1:15

ደርሼ ተመለስኩ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። ዋሻው ውስጥ መስኮቱን ከፍቼ አዳመጥኩ፤ ጎማው አስፋልት ላይ ሲንከባለል ብቻ ነው የተመለሰልኝ። ትልቁ ልጄ «እማዬ፣ ዛሬ ሬዲዮው ይሰማል» አለኝ። እናቴ ሁለት ሳምንት ስለቀረሁ ተቆጥታ ቆየችኝ፤ ነገሩን ስነግራት ግን ደብተሩን አሳዪኝ አለች።

ጋሼ፣ ደብረ ሲና ቆሜ ነበር። ዳዶዎቹን እዚያው አስጠበቅኩ፤ አንዱ ሩብ ዙር ያህል ተንቀሳቀሰ።